ለሦስት የሚካፈለው ቁጥር

ቁጥሩ ለሦስት ይካፈላል። መቶ ሃያ አሃዞች ያሉት፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም አያካፍለውም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ፣ እኔም በዶክትሬት ጽሑፌ ሽፋን ላይ በስድስት መስመር በቢጫ ቀለም ያሳተምኩት ቁጥር ለሦስት ይካፈላል። ይህ የታወቀው ሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ ግማሹ በፖስታ ከሄደ በኋላ፣ ጥናቴን በሕዝብ ፊት ልከላከል አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው። ያወቁት ደግሞ ፕሮፌሰሮች አይደሉም። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው።

እህቴ ኖርቸ፣ ስኔክ በምትባል ከተማ አስተማሪ ናት። በምሳ ሰዓት መልእክት ላከችልኝ፦ «ቁጥርሽ ለሦስት ይካፈላል። ክፍሌ በሙሉ ምስክር ነው። ሚዜነቴ እንዳለ ነው ወይስ ተሰረዘ?»

በእኛ ዩኒቨርሲቲ ጥናቱን የሚከላከል ሰው እንደ ሙሽራ ግራና ቀኙ የሚቆሙ ሁለት ሚዜዎች አሉት፤ አንዷ እሷ ናት። ወዲያው ደወልኩላት።

«ምን አደረግሽ?»

«እኔ ምን አደርጋለሁ? የመካፈል ሕግ እያስተማርኩ ነበር፣ መጽሐፍሽ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የአሃዞቹ ድምር ለሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። ይቺን እንኳ አልረሳሻትም መቼም። ስድስት መስመር ስለሆነ ስድስት ቡድን አደረግኋቸውና አንዳንድ መስመር ሰጠኋቸው። ‘አይካፈልም’ የሚል መልስ ነበር የጠበቅኩት። ትልቅ ቁጥር ሁሉ እንደማይካፈል ሳይሆን፣ አንዳንዱ ደንዳና እንደሆነ ላሳያቸው።»

«ተሳስተው ይሆናል።»

«ሁለቴ አስደመርኳቸው። አምስት መቶ አርባ ሦስት። እኔም ደመርኩ። አምስት መቶ አርባ ሦስት። ሂስከ፣ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ምን ስትሠሪ ነበር?»

መልስ ሳልሰጣት ደወል ተደወለና ዘጋችው።

መሬት ላይ ተቀምጬ ደመርኩ። አምስት መቶ አርባ ሦስት። አምስትና አራትና ሦስት አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት ለሦስት አራት። አለቀ።

የሌላውን ሙያ አላውቅም፤ በእኛ ሙያ ግን የሚደምር ሰው የለም። ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው ብትሉን ጣሪያ እናያለን። ቁጥር የሚመረምር ማሽን ስላለ የመቶ ሃያ አሃዝ ድምር መሥራት ቦይን በማንኪያ እንደ መጥረግ ነው የሚቆጠረው። ማሽኑ «ብቸኛ ቁጥር ነው፣ አይካፈልም» ካለ ማንም ወደ አሃዞቹ አይመለስም። ማሽኑም ብሎ ነበር።

ችግሩ ማሽኑ ያየው ሌላ ቁጥር መሆኑ ነው። በትምህርት ክፍላችን ኮምፒውተር ላይ «ትልቁ» የሚባል ፋይል አለ። አማካሪዬ ፕሮፌሰር ኤፈርት ሩርዳ ያኔ ያስቀመጠው ነው፤ የሦስተኛው ምዕራፌ ስሌት በሙሉ ቁጥሩን የሚጠራው ከዚያ ፋይል ነው። ፋይሉን ከፍቼ በማስመሪያ እየተከተልኩ ከሽፋኑ ጋር አሃዝ በአሃዝ አስተያየሁት። ሰማንያ ስድስት አሃዝ ተስማማ። ሰማንያ ሰባተኛው ላይ ፋይሉ ሦስት ይላል፣ ሽፋኑ ስምንት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ልክ ነው።

ስምንቱን ከየት አመጣሁት? ከሩርዳ የ1991 ጽሑፍ። ምንጩ እሱ ነውና ከእሱ ገለበጥኩ። ሥልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ቁጥሩን ራሴ አረጋግጫለሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። ያረጋገጥኩት የፋይሉን ነው፣ ያሳተምኩት የጽሑፉን። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ዘልዬው ልሄድ አልፈልግም።

ቁጥሩን ታዋቂ ያደረገው ሌላም ነገር አለ። ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጣችሁ ብታነቡትም አይካፈልም ይባላል። ሩርዳ ለአዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያው ቀን ንግግሩ ይኸው ነበር፦ «ከፊትም ከኋላም የማይደፈር! በአሥራ አንድ አገር ተጠቅመውበታል!» ሲገለበጥ ግን ድምሩ አይለወጥም። እንግዲህ ከኋላም ለሦስት ይካፈላል። አንድ ስምንት ሁለቱንም ውሸት አደረጋቸው።

ስሌቴ ልክ ነው። ምዕራፉ አይፈርስም። በአንድ መስመር እርማት የሚያልቅ ነገር ነው ብዬ በማግስቱ ጠዋት ማስመሪያዬን ይዤ ወደ ሩርዳ ክፍል ሄድኩ።

ሩርዳ በክረምቱ ጡረታ የሚወጣ ሰው ነው። ሁላችንም በስማችን በምንጠራራበት ክፍል «ፕሮፌሰር» ካልተባለ ዞር ብሎ የማያይ እሱ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ቁጥሩ በሰማያዊ የተጻፈበት የሸክላ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሥልሳ ዓመት ሲሞላው ክፍሉ የሰጠው ስጦታ። የረፋድ ቡናውን እየጠጣ ነበር። የብስኩት ቆርቆሮውን ሲያየኝ ከደነው።

«አሥር ደቂቃ አለኝ» አለ።

«አንድ ይበቃል። ቁጥርዎ ለሦስት ይካፈላል።»

«የትኛው ቁጥሬ?»

ሰሌዳውን አሳየሁት። ሳቀ።

«ልጄ፣ ይህን ቁጥር እኔ ስፈትነው አንቺ አልተወለድሽም።»

«ይደምሩት።»

«ምኑን?»

«አሃዞቹን። ስኔክ ያሉ የአሥር ዓመት ልጆች በሩብ ሰዓት ጨርሰውታል። እርስዎ ከዚያ አይዘገዩም።»

አልደመረም። የፋይሉን ወረቀትና የጽሑፉን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጬ ማስመሪያውን ሰማንያ ሰባተኛው ላይ አሳረፍኩ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አጠለቀ፣ እንደገና አየ። አንገቱ ከታች ወደ ላይ ቀላ።

«የማተሚያ ቤት ስህተት ነው» አለ።

«ሊሆን ይችላል። ከመታተሙ በፊት የሚላክልዎ የማረሚያ ወረቀት የት አለ?»

«ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት የነበረ ወረቀት ማን ያስቀምጣል?»

ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ላይ ዓመት የተጻፈባቸው ሳጥኖች በተርታ ቆመዋል። እኔ ሳልጠቁም አየኋቸው፣ እሱም ማየቴን አየ። ለምን እንዳወረደው እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ምናልባት ልክ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። የ1991ዱን ሳጥን አውርዶ ከፈተ። የማረሚያ ወረቀቱ ከላይ ሦስተኛው ነበር። በቀይ ብዕር አራት ነጠላ ሰረዞች አርሟል። ስምንቱን አልነካም። ከታች «አይቼዋለሁ፣ ይታተም» የሚልና ፊርማው።

ወረቀቱን መልሶ ሳጥኑን ከደነ።

«ይህ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«ወረቀቱ ይውጣ ያለ የለም። እርማት ላወጣ ነው የመጣሁት።»

«ማን ያውቃል?»

«እህቴ። ሃያ ስድስት ልጆች። እኔ። አሁን እርስዎ።»

«ጥሩ። ቀላል ነው» አለና ቡናውን አነሳ። «የእጩው አቋሞች የሚጻፉባት ወረቀት በየቅጂው ውስጥ ትገባ የለ? ከታች አንድ መስመር ጨምሪባት። ‘በጸሐፊዋ የመገልበጥ ስህተት ምክንያት ሰማንያ ሰባተኛው አሃዝ ሦስት መሆን ሲገባው ስምንት ሆኗል።’ በቃ።»

«በጸሐፊዋ?»

«መጽሐፉ የማን ነው?»

«ስህተቱስ የማን ነው?»

«ሁለት መቶ ቅጂ ላይ በቢጫ ያሳተምኩት እኔ አይደለሁም። ‘ራሴ አረጋግጫለሁ’ ያልኩትም እኔ አይደለሁም። ገጽ ሥልሳ አንድ። አንብቤዋለሁ።»

ይህ እውነት ስለነበር ማስመሪያዬን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ። ደስ አለው።

«የትሮንድሃይም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤዬን እየጠበቁ ነው» አለ። «ሁለት ዓመት የምርምር ቦታ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ቢሮ። ጥሩ ደብዳቤ ነበር የጀመርኩልሽ።»

«ነበር?»

«እርማቱን ልየውና እጨርሰዋለሁ።»

ያኔ ነው የተናደድኩት። ስናደድ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ፕሮፌሰር። አሥራ አንድ አገር ሲሉ፣ ከአሥራ አንዱ አገር አንድ ሰው እንኳ ይህን ቁጥር ከጽሑፍዎ ላይ ገልብጦ ማሽን ውስጥ ቢከተው ኖሮ፣ ማሽኑ በቅጽበት ‘ለሦስት ይካፈላል’ ይለው ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ ደርሶዎት ያውቃል? ‘ክቡር ሩርዳ፣ ስምንቱ ምንድን ነው?’ የሚል አንድ ፖስታ ካርድ?»

ዞሮ ሰሌዳውን አየ።

«ማንም አልነካውም» አልኩት። «ጠቅሰውት አለፉ እንጂ ማንም አላነበበውም። ላም አለኝ በሰማይ ነው የእርስዎ አሥራ አንድ አገር።»

የት ላይ እንደምወጋው አውቄ ነው የወጋሁት። የቡና ሲኒውን ሊያስቀምጥ ሲል ሳህኑን ሳተው፤ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ አልጠረገውም።

«አሥር ደቂቃሽ አልቋል» አለ።

እሑድ ኖርቸ ለሚዜነት የገዛችውን ጥቁር ቀሚስ ልታሳየኝ መጣች። ቀሚሱን ሳላይ ነገሩን ነገርኳት።

«ጻፊለት» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ዶክተር ሁኚ፣ ትሮንድሃይም ግቢ፣ ከዚያ ትናገሪያለሽ።»

«ከዚያ ማን ይሰማኛል?»

«አሁንስ ማን እየሰማሽ ነው? እኔ ነኝ የምሰማሽ፤ እኔም የመጣሁት ለቀሚስ ነው።»

«ውሸት ነው የጠየቀኝ።»

«ግማሽ ውሸት ነው። ገልብጠሻል፣ አልገለበጥሽም?»

«ገልብጫለሁ።»

«‘አረጋግጫለሁ’ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ ነሽ።» ቀሚሱን ደረቷ ላይ ይዛ በመስኮቱ መስታወት ራሷን አየች። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ። እውነት ስለምትወጂ አይመስለኝም። ሰው ሲሳሳት መያዝ ነው የምትወጂው። ከልጅነትሽ። አባዬ የብስክሌት መንገድ ሲስት እንኳ ቤት እስክንደርስ አንለቅቀውም ነበር፣ በአንቺ ምክንያት።»

«ያጥርሻል» አልኳት።

«ምኑ?»

«ቀሚሱ።»

ማክሰኞ የአቋሞቼን ወረቀት ለሩርዳ ላክሁለት፤ ያለ አማካሪ ይሁንታ አትታተምም። መስመሩን እንዲህ ነበር የጻፍኩት፦ «ስህተቱ መጀመሪያ በሩርዳ (1991) የታየ ሲሆን፣ እጩዋ ሳታረጋግጥ ገልብጣዋለች።» በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰው፤ የመጀመሪያውን ሐረግ በቀይ ሰርዞ። አሁን ሁለተኛው ብቻ ቀረ፣ እኔ ብቻ። ያን መልሼ ሰረዝኩና «ሰማንያ ሰባተኛው አሃዝ ሦስት ነው፣ ስምንት አይደለም» ብቻ ብዬ ላክሁ። ይህን ተቀበለ። «በመጨረሻ አዋቂ ሆንሽ» የሚል መልስ አከለበት። ስም የሌለው ስህተት የመጽሐፉ ባለቤት ስህተት ተደርጎ እንደሚነበብ እሱም እኔም እናውቃለን።

እኔ ግን ሌላም ነገር አውቅ ነበር። በእኛ ሥርዓት እጩው ጥናቱን በሚከላከልበት ሰዓት አማካሪው ከፕሮፌሰሮቹ ጋር ይቀመጣል እንጂ መናገር አይፈቀድለትም። አንድ ቃል እንኳ። ይህን ያሰብኩት ወረቀቷን በላክሁ ጊዜ ነው። በኋላ የመጣልኝ ሐሳብ ነው ብዬ አልዋሽም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሞቱ ፕሮፌሰሮች ሥዕል በግድግዳው ላይ፣ የማይገባቸው ዘመዶቼ ከታች። እናቴ ከፊት ረድፍ፣ አባቴ የሳል ከረሜላ እየላጠ። አጋፋሪዋ በትሯን ይዛ ገባች፣ ከኋላዋ ጥቁር ካባ የለበሱት ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። ሩርዳ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሚዜዎቼ ግራና ቀኜ ቆሙ። ኖርቸን ቀሚሱ እውነትም ያጥራት ነበር።

ሁለት ጠያቂዎች አለፉ። ሦስተኛዋ ከኦርሁስ የመጣችው ፕሮፌሰር ቶቨ ስኮው ናት፤ ቀጭን፣ ዴንማርካዊት፣ ለጨዋታ ጊዜ የላትም። መጽሐፉን ስትከፍት ወረቀቷ ወለቀችና ከወለሉ አነሳቻት።

«የተከበሩ እጩ» አለች። «ይቺ ወረቀት አንድ አሃዝ ታርማለች። ስምንት ሆኖ ቢቀር ምን ይሆናል?»

«ለሦስት ይካፈላል፣ እጅግ የተማሩ ጠያቂ።»

ከታች ሳቅ ተሰማ። ለሦስት መካፈል ለአጎቴም ይገባዋል።

«ሲገለበጥስ?»

«ሲገለበጥም ይካፈላል።»

ሳቁ ጨመረ። እሷ አልሳቀችም።

«መቶ ሃያ አሃዝ ያለው፣ ከፊትም ከኋላም ብቸኛ የተባለ ቁጥር፣ ለሦስት። እንዴት አመለጠዎት?»

ሩርዳን አየሁት። እሱም እያየኝ ነበር። ፊቱ ላይ ልመና አልነበረም፤ ቢኖር ምናልባት ይከብደኝ ነበር። የነበረው ትእዛዝ ነው። «ገለበጥኩ፣ ተሳሳትኩ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ደብዳቤው አርብ ይሄዳል፣ በመስከረም ትሮንድሃይም ነኝ።

«ሁለት ስህተቶች ናቸው» አልኩ። «አንደኛው የእኔ ነው። ያረጋገጥኩት የፋይሉን ቁጥር ነው፣ ያሳተምኩት ግን ከጽሑፍ የገለበጥኩትን፤ ከዚያ ‘ራሴ አረጋግጫለሁ’ ብዬ ጻፍኩ። ይህ ትክክል አልነበረም። ሌላው ከእኔ በፊት የነበረ ነው። ስምንቱ የታተመው በ1991 ነው፤ የማረሚያ ወረቀቱም ታይቶ ተፈርሞበታል።»

«የማን ጽሑፍ ነው?»

ስሙ ገጹ ላይ ነበር፣ እሷም ታውቃለች።

«የአማካሪዬ የፕሮፌሰር ሩርዳ።»

ሩርዳ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። አፉ ተከፈተ። ሰብሳቢው ፊቱን ሳያዞር እጁን አነሳ።

«ፕሮፌሰር ሩርዳ፣ ሕጉን ያውቁታል።»

ተቀመጠ። ባርኔጣው ወደቀ፤ የጎረቤቱ ፕሮፌሰር አንስቶ ሰጠው። ኖርቸ ከጎኔ «ኧረ ጉድ» ስትል በቀስታ ሰማኋት።

«እኔም ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ጠቅሼዋለሁ» አለች ስኮው ወረቀቷን እያጠፈች። «አንዴ በ2003፣ አንዴ አምና። አልደመርኩትም። ማን ነው ያገኘው?»

«እህቴ የምታስተምራቸው የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች።»

«ታዲያ እዚህ መቆም የነበረባቸው...»

አጋፋሪዋ በሩን ከፍታ ገባች፣ በትሯን ወለሉ ላይ መትታ በላቲን ሰዓቱ መድረሱን ተናገረች። በሥርዓቱ የተጀመረ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይጨረስም። ስኮው አፏን ዘጋች፣ ሁሉም ተነሥተው ወጡ።

ለሩብ ሰዓት ያህል መክረው ተመለሱ። ዶክትሬቱን ሰጡኝ፤ ምዕራፉ ልክ ስለሆነ ላለመስጠት ምክንያት አልነበራቸውም። ዲፕሎማውን የሚሰጠው አማካሪው ነው። ሩርዳ ቃሉን አንድም ሳይስት አነበበ፣ ማኅተም ያለበትን ጥቅል እጄ ላይ አደረገ። ከዚያ አማካሪ ስለ ተማሪው ሩብ ሰዓት ያህል ይናገራል፤ ያወድሳል፣ ይቀልዳል፣ የወላጆችን ስም ያነሳል። እናቴ ለዚህ ፀጉሯን ተሠርታ ነበር የመጣችው።

«የዶክተር ሂስከ ቪርስማን ሥራ ሰምታችኋል» አለ ሩርዳ። «የምጨምረው የለኝም።»

እናቴ ቀጣዩን እየጠበቀች ፈገግ እንዳለች ቀረች። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገና ስብሰባውን ዘጋ።

ሰው ሁሉ ወደ መጠጡ ሲሄድ እኔ ካባዎች ወደሚሰቀሉበት ክፍል ሄድኩ። ኖርቸ ክንዴን ይዛ «ተዪው፣ አሸንፈሻል አይደል?» አለችኝ። አስለቀቅኋት።

ሩርዳ ብቻውን ነበር። ካባውን መስቀያ ላይ እያስተካከለ ነበር፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ።

«ደብዳቤው እስከ አርብ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ይልኩታል?»

«ሦስተኛው ምዕራፍ ከተማሪዎቼ ሁሉ ካየሁት የሚበልጥ ነው። ይህን ነበር የጻፍኩት። ዛሬ ጠዋት ጨርሼው ነበር።»

«እሱ አሁንም እውነት ነው። ከሰማንያ ሰባተኛው አሃዝ ጋር አይገናኝም።»

«አፌ በሕግ ታስሮ በተቀመጥኩበት ሰዓት፣ በእናትሽና በባልደረቦቼ ፊት!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «ሰው የሚባል ፍጡር ይህን ክፍሌ መጥቶ በነገረኝ ነበር።»

«ክፍልዎ መጥቼ ነገርኩዎ። ብስኩቱን ከደኑብኝ።»

ኮቱን ለበሰ። ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ እስከ ላይ ቆለፈ፣ አልቸኮለም። ዣንጥላውን ከጥግ አነሳ።

«ለትሮንድሃይም ራስሽ ጻፊላቸው» አለ። «መገልበጥ ታውቂበታለሽ።»

ወጣ። በሩን አላላተመውም፤ እጀታውን ይዞ ጠቅ እስኪል ድረስ ቀስ ብሎ ዘጋው።